ስለ ሰንጢ ለገጠር ተማሪዎች የተነገረ ንግግር



በዚህ ትምህርት ቤት ቆሜ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ስለ ታላቅ ነገር ይናገራል ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን ከኪሴ የማይለየውን ትንሽ ዕቃ፥ ሰንጢን፥ መረጥሁ። ስለ ታላቁ ነገር የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ትንሹን ነገር ግን ሁሉ አውቀዋለሁ ስለሚል የሚያስተምረው የለም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፥ ከቡሬም ወዲያ መንገዱ ወደ ነቀምት ለመሻገር ዓባይን እስኪያገኝ ድረስ፥ እረኛውም ገበሬውም ነጋዴውም ተማሪውም ሰንጢ ይይዛል። ነገር ግን እንዴት እንደሚሳልና እንዴት እንደሚጠበቅ፥ ምን ጊዜም ሰውን እንደሚጎዳ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሠሪውን የሚያከብር ደግሞ ከዚያ ይልቅ ጥቂት ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

መጀመሪያ ሰንጢ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የቢላዋና የካራ ስለት ሁልጊዜ የተገለጠ ነው፤ አፎት ካልተሠራላቸው በቀር የያዛቸውንም በአጠገባቸው ያለፈውንም ይቆርጣሉ። የሰንጢ እጀታ ግን ራሱ አፎቱ ነው። ስለቱ በአንድ ምስማር ላይ እየዞረ ወደ እጀታው ውስጥ ይገባል። በእጀታው ጀርባ በኩል ሞላ የሚባል ቀጭን ብረት አለ። ይህ ሞላ የስለቱን ግርጌ ሁልጊዜ ይጫነዋልና ሰንጢው ሲከፈት ተከፍቶ፥ ሲታጠፍም ታጥፎ ይቆያል። በስለቱም ጎን ጥፍር የሚገባበት ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት አለ፤ ሰንጢ በጥፍር እንጂ በጥርስ አይከፈትም። ደግሞ ይህን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሞላው ስለቱን ይይዘዋል እንጂ አይቆልፈውም። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

መልካም ሰንጢ በእጅ ሲያዝ ይታወቃል። በማለዳ ብርድ ስለቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የቀንድ ወይም የወይራ እጀታው ግን ፈጥኖ የመዳፍን ሙቀት ይቀበላል። ሲከፍቱት በመካከሉ ጥቂት እምቢ ይላል፥ መጨረሻ ላይ ግን ቀጭ ብሎ ይቆማል። ይህ ድምፅ የሞላው ጤንነት ምልክት ነው። ተከፍቶ ሳለ ስለቱን በጀርባው በኩል በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት። የሚወዛወዝ የሆነ እንደ ሆነ ምስማሩ ላልቷልና ሳይጠብቅ ለሥራ አይሆንም። ደግሞ እጀታው ለመዳፍ የሚበቃ መሆን አለበት። እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ ጣት ይደክማል፤ የደከመ ጣትም ይስታል።

ታጣፊ ስለት የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። በኦስትሪያ አገር ሃልሽታት በሚባለው ስፍራ ከ2500 ዓመት የበለጠ ዕድሜ ያለው ታጣፊ ስለት ተገኝቷል። ሮማውያንም ይይዙት ነበር። እንግሊዞች ትንሹን ሰንጢ የሚጠሩበት ስም ብርዕ ከሚሉት ቃል የወጣ ነው፤ የዝይ ላባ እየቀረጹ ይጽፉበት ነበርና። በፈረንሳይ አገር ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ የብረት ሠራተኛ ልጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 በስሙ የሚጠራውን የእንጨት እጀታ ያለውን ሰንጢ ሠራ። ይህ ሰንጢ በመጠኑ ቁጥር ይጠራል፤ ቁጥር 8 የሚባለው ስለቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው። በስዊስ አገርም ካርል ኤልሰነር የተባለው ሰው በ1884 የሥራ ቤት ከፍቶ በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ አቀረበ። በዓለም የታወቀው ብዙ መሣሪያ በአንድ እጀታ የያዘው ሰንጢ ከዚያ ቤት የወጣ ነው።

የእንግሊዞቹ ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም። እኔ ፊደል የቆጠርሁትና ዳዊት የደገምሁት በቡሬ ዙሪያ ካሉት ገጠሮች በአንዱ፥ በየኔታ እግር ሥር ነው። ጽሕፈትን ስማር የኔታ መጀመሪያ ያሳዩኝ ፊደል መጣልን ሳይሆን ብርዕ መቅረጽን ነው። የደረቀ መቃ ተመርጦ ጫፉ በሰያፍ ይቆረጣል፤ ከዚያም ሁለቱ ጎኖቹ እየተላጉ ይሾላሉ፤ በመጨረሻ ጫፉ በመካከሉ በጥቂቱ ይሰነጠቃል፥ ቀለሙ በዚያ ስንጥቅ ይወርዳልና። በተሳለ ሰንጢ ይህ ሥራ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይፈጃል። በደነዘ ሰንጢ የሆነ እንደ ሆነ ግን መቃው ይፈረካከሳል፥ ቀለሙም በብራናው ላይ ይንጠባጠባል። ጸሐፊው በተሳሳተም ጊዜ ስሕተቱን ከብራናው ላይ ቀስ አድርጎ የሚፍቀው በዚያው ስለት ነው። እንግዲህ ሰንጢ ብርዕን የሚወልድ፥ የብርዕንም ስሕተት የሚያርም ነው ማለት ይቻላል።

አሁን በኪሴ ያለውን ሰንጢ ታሪክ ልንገራችሁ። አጎቴ ሲሞት ለእኔ የተወልኝ ነው። እጀታው የቀንድ፥ ስለቱ የውጭ አገር ብረት ነበረ። እኔም ልጅ ነበርሁና የጣሳ ክዳን ልከፍትበት ብዬ በጫፉ ስጠመዝዘው ከመካከሉ ተሰበረ። አልቅሼ ስጨርስ እናቴ በገበያ ቀን ወደ ቀጥቃጩ ቤት ላከችኝ። ቀጥቃጩ የተሰበረውን ስለት አገላብጦ አየና ከጥጉ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቁራጭ አወጣ። በዕድሜ የእኔ እኩያ የሆነው ልጁ ወናፉን ያናፋ ነበር።

በዚያ ቀን ያየሁትን ነገር ምክንያቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ በመጻሕፍት ነው። ባሌስትራ ካርቦን የሚባለው ነገር ከመቶ እጅ 0.6 እጅ ያህል ያለበት ብረት ነው፤ ተራው የሽቦ ብረት ግን ካርቦኑ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ በውኃ ቢነከርም አይጠነክርም። ቀጥቃጩ ብረቱን አግሎ ቀጠቀጠው፥ በሞረድም ቅርጽ ሰጠው። ከዚያ በኋላ እንደ ፍም አቅልቶ ድንገት ነከረው። እንዲህ የተነከረ ብረት እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል፥ እንደ ብርጭቆም ይሰበራል። ስለዚህ ገጹን ወልውሎ እንደ ገና በቀስታ አሞቀው፤ የብረቱ ገጽ የገለባ ቀለም በመሰለ ጊዜ ከእሳቱ አወጣው። የገለባው ቀለም ሙቀቱ ከ220 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መድረሱን የሚናገር ነው። ቀጥቃጩ ይህን ቁጥር ከማንም አልተማረም፤ ዓይኑ ግን ያውቀዋል። ስለቱን በእጀታው ላይ መልሶ በምስማር ከያዘው በኋላ፥ «ልጄ፥ ይህ ለመቁረጥ ነው እንጂ ለመፈንቀል አይደለም» ብሎ ሰጠኝ።

ያ ስለት እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግለኛል። በጽሕፈት ቤት እርሳስ እቀርጽበታለሁ፥ የመዝገብ ክር እቆርጥበታለሁ፥ ፖስታ እከፍትበታለሁ። ወደ ገጠር ስወጣ ብርቱካን እልጥበታለሁ፥ የተቋጠረ ገመድ እቆርጥበታለሁ፥ ከእግር እሾህ የሚያወጣውን መርፌ እንኳ ባጣሁ ጊዜ የእንጨት ስንጥር አሹልበታለሁ። ሸንኮራ አገዳም ይልጣል፤ ነገር ግን የአገዳው ቅርፊት ጠንካራ ነውና ስለቱን ፈጥኖ ያደነዝዘዋል። ጠፍርና ደረቅ ቆዳም እንዲሁ ያደርጋሉ። የአጥንት ሥራ የመጥረቢያ ነው፤ የምስማር ሥራም የጉጠት ነው። ለሰንጢ የማይገባውን ሥራ የሚሰጥ ሰው ሰንጢውን ይሰብራል፥ ወይም እጁን ያቆስላል።

በገበያ የሚሸጡት አዲሶቹ ሰንጢዎች ብዙዎቹ ዝገት የማይደፍራቸው ናቸው። ይህን ዓይነት ብረት በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ በ1913 ሠርቶታል፤ ከብረቱ ጋር ክሮም የሚባል ማዕድን ይቀላቀልበታል። ጥቅሙ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ርካሹ ስለት ይታጠፋል እንጂ አይዝም፥ ዛሬ ተስሎ ነገ ይደነዝዛል። የባሌስትራው ስለት በሎሚና በሽንኩርት ይጠቁራል፥ እርጥብ ሆኖ ካደረም ይዝጋል። ጥቁረቱ አይጎዳውም፤ ቀዩ ዝገት ግን ይበላዋል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ አጥቦ፥ አድርቆ ማጠፍ ይገባል። በመዞሪያው ምስማርም ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። የምግብ ዘይት ግን ሲቆይ እየረጋ ስለሚጣበቅ መዞሪያውን ያከብደዋል።

አሁን ደግሞ ስለ መሳል እናገራለሁ። ብዙ ሰው የደነዘ ሰንጢ አይጎዳም ይላል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የተሳለ ስለት በጥቂት ኀይል ይቆርጣልና ወደ ወደድንበት ይሄዳል፤ የደነዘው ግን ብዙ ኀይል ይጠይቃል፥ ብዙ ኀይል ያለበትም እጅ ሲስት ሩቅ ይሄዳል።

ለመሳል ገጹ የተስተካከለና ልስልስ የሆነ ድንጋይ ፈልጉና በውኃ አርጥቡት። ስለቱን በድንጋዩ ላይ በምን ያህል ማዘንበል እንዳለባችሁ ለማወቅ ከደብተራችሁ አንድ ቅጠል ወረቀት ውሰዱ። የወረቀቱ ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። አንድ ጊዜ ከማዕዘኑ ብታጥፉት 45፥ ደግማችሁ ብታጥፉት 22 ዲግሪ ተኩል ይሆናል። ያችን ቀጭን ማዕዘን በድንጋዩ ላይ አቁማችሁ ስለቱን በእርሷ ልክ አዘንብሉ። ከዚያም ስለቱን ከግርጌው እስከ ጫፉ ድረስ በቀስታ ሳቡት፤ በአንዱ ገጽ 10 ጊዜ ስትስቡት በሁለተኛውም ገጽ 10 ጊዜ ይሁን። በሌላው ገጽ በኩል ስስ የብረት ቅርፊት በጣት ሲሰማችሁ ስለቱ እንደ ወጣ ዕወቁ። በመጨረሻ በቀበቶ ጀርባ ላይ ወደ ኋላ እየሳባችሁ ያችን ቅርፊት አጥፉ። መሳሉንም በሽንኩርት ልጣጭ ወይም በወረቀት ፈትኑ፤ በአውራ ጣት ግን አትፈትኑ። ቸኩሎ የሚስል ሰው ማዕዘኑን ያበላሻል፤ በዚህ ሥራ ከኀይል ይልቅ ትዕግሥት ይረዳል።

እንግዲህ ወደ ሞላው ነገር ልመለስ። ሰንጢው በተጠገነ በጥቂት ወር ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ከብት ስጠብቅ ዋሽንት ልሠራ ሸምበቆ ቆረጥሁ። ቀዳዳውን በሰንጢው ጫፍ ልበሳ ብዬ ገፋሁት። ሞላው ስለቱን ይይዘዋል እንጂ አይቆልፈውም ብያችኋለሁ። ስለቱ ተመልሶ ታጠፈና ሌባ ጣቴን እስከ አጥንቱ ቆረጠኝ። ኦፒኔል በ1955 በሰንጢው አንገት ላይ የሚዞር መቆለፊያ ቀለበት የጨመረበት ለእንደዚህ ያለ አደጋ ነው፤ በእኔ እጅ ያለው ግን ቀለበት አልነበረውም። ደሙን ያዩት ልጆች ጮኸው ሸሹ። አንዱ ብቻ ቀረ፤ እርሱም ወናፍ ሲያናፋ ያየሁት የቀጥቃጩ ልጅ ነበረ። የልብሱን ጫፍ ቀዶ ጣቴን አሰረው፥ እጄንም ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይዞ እስከ ቤቴ ድረስ አደረሰኝ።

ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ልቁጠርላችሁ። አንደኛ፥ በማይቆለፍ ሰንጢ መውጋትና መብሳት አይገባም፤ የመብሳት ሥራ የወስፌ ነው። ሁለተኛ፥ ስለቱ ከሰውነት ወደ ውጭ ይሂድ እንጂ ወደ ሰውነት አይምጣ። ሦስተኛ፥ ሰንጢ ለሰው ሲሰጥ ታጥፎ ይሰጣል። አራተኛ፥ ተከፍቶ በእጅ ሳለ መሮጥ አይገባም። አምስተኛ፥ ወደ ጠላ ቤትና ወደ ጠብ ስፍራ ሰንጢ ይዞ መሄድ አይገባም፤ ወደ ትምህርት ቤትም ያለ መምህር ፈቃድ አይመጣም።

ሰው የተቆረጠም እንደ ሆነ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ፥ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ደሙን ማቆም፥ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። አመድም እበትም አይደረግበት። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ዝገቱ ራሱ ነው የሚሉ አሉ፤ የበሽታው ዘር ግን በአፈርና በእበት ውስጥ የሚኖር ነው። ወደ ጥልቅ ቁስል ሲገባ ይገድላል፤ በክትባት ግን ይከለከላል። ስለዚህ የተወለደ ሕፃን እትብት በኪስ ሰንጢ ከቶ አይቆረጥ።

ጣቴ ዳነ፤ ጠባሳው ይኸውላችሁ። ከእርሱ በኋላ የሆነው ነገር ግን እስከ ዛሬ አልዳነልኝም። ያ ልጅ ከእኛ ጋር ፊደል ይቆጥር ነበር። የኔታ በሌሉበት ጊዜ ልጆቹ «ቡዳ» ይሉታል፥ በቅሉ ውኃ አይጠጡም፥ ከአጠገቡም አይቀመጡም። እኔ ቆስዬ ከተመለስሁ በኋላ አንድ ቀን ከበቡትና «ጣቱን የቆረጥኸው በዓይንህ ነው» አሉት። እርሱም ወደ እኔ ተመለከተ። ሰንጢውን የገፋሁት እኔ እንደ ሆንሁ፥ ደሜንም ያቆመው እርሱ እንደ ሆነ ከእኔ በቀር የሚመሰክር አልነበረም። እኔ ግን ከእኔም እንዳይሸሹ ፈርቼ ዝም አልሁ። በማግሥቱ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ሰንጢው ጣቴን ቆረጠ፤ የእኔ ዝምታ ግን ያን ልጅ ከትምህርት ቆረጠው።

ልጆች ሆይ፥ ነገሩን አስቡት። አባቱ በሠራው ስለት ብርዕ እቀርጽ ነበር፤ በዚያ ብርዕ የጻፍሁት ጽሕፈት ዛሬ እንጀራዬ ሆኗል። ልጁ ግን ብርዕ ሳይዝ ቀረ። በማረሻው የሚያርሰው፥ በማጭዱ የሚያጭደው፥ በመጥረቢያው የሚፈልጠው ገበሬ ሁሉ የቀጥቃጭ ባለ ዕዳ ነው። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። በዚያ አዋጅ ብረት ሠሪው ብቻ ሳይሆን ሸማኔውም ገበሬውም ነጋዴውም ጸሐፊውም ተጠቅሰዋል፤ ጸሐፊውንም ሰው ጠንቋይ እያለ ይሰድበው ነበርና። እንግዲህ እኔም ጸሐፊ ነኝና በዚያ አዋጅ ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ ጥላ ሥር ነበርሁ። ነገር ግን አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ቢያልፍም ስድቡ ከአንዳንድ አፍ ገና አልወጣም። ሰው በሰው ዓይን አይታመምም። ትኩሳቱ የወባ ነው፥ የሆድ ሕመሙም የንጹሕ ውኃ እጦት ነው፤ ለእነዚህም መድኃኒት አላቸው።

ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። መምህራን ሆይ፥ አንድ ቀን የአገራችሁን ቀጥቃጭ ወደዚህ ትምህርት ቤት ጥሩት፤ ስለት እንዴት እንደሚወጣና ብረት በምን ቀለም ከእሳት እንደሚወጣ ለተማሪዎቹ ያሳይ። ሲመጣም ለእንግዳ በሚሰጠው ወንበር አስቀምጡት፥ ለእንግዳ በሚቀርበውም መጠጫ ውኃ አጠጡት፤ ልጆቹ ከትምህርቱ ይልቅ ይህን አይተው ይማራሉ።

ተማሪዎች ሆይ፥ እናንተም ነገ ስትመጡ ከአጠገቡ ሰው የማይቀመጥበት ልጅ በክፍላችሁ ካለ፥ ሄዳችሁ ከእርሱ ጋር ተቀመጡ። ሌላው ሲሰድበውም ዝም አትበሉ። እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ መናገር የሚገባኝን አንድ ቃል ስላልተናገርሁ፥ ዛሬ ይህን ሁሉ ቃል ስናገር እንኳ የዚያን ልጅ ወንበር መሙላት አልቻልሁም።